የውስጥ መልእክት ስፓም ሲገባባችሁ፦ ማስቶዶን ላይ ደረጃ በደረጃ

ማስቶዶን እንደ ፌስቡክ ወይም እንደ ኤክስ አንድ ባለቤት የለውም። በየአገሩ ግለሰቦችና ማኅበራት የሚያስተዳድሯቸው ሰርቨሮች አክቲቪቲፐብ በተባለ የጋራ ፕሮቶኮል ይገናኛሉ። አካውንታችሁ አንዱ ሰርቨር ላይ ነው፤ የሚጽፍላችሁ ሰው ሌላው ላይ ሊሆን ይችላል። ስፓም ላኪውም የሚገባው በዚሁ በር ነው። ምዝገባው ክፍት የሆነ ሰርቨር ይፈልጋል፤ እዚያ አካውንት በአካውንት ላይ ይከፍታል፤ ከዚያ ለማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ ይልካል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 የክሪፕቶ ማጭበርበሪያ መልእክቶች ከትልቁ ሰርቨር ከማስቶዶን ዶት ሶሻል በገፍ ተላኩ። በፌብሩዋሪ 2024 የመጣው ማዕበል ደግሞ መነሻው ተቆጣጣሪ ያጡ ትንንሽ ሰርቨሮች ነበሩ።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ያዙ። ብሎክ የሚያድነው እናንተን ብቻ ነው፤ ሪፖርት ግን አብረዋችሁ ሰርቨሩን የሚጠቀሙትንም ያድናል። ሪፖርቱን የሚያነበው ሞደሬተር፣ ማለትም የሰርቨሩ ተቆጣጣሪ፣ ብዙ ጊዜ ያለ ክፍያ በትርፍ ጊዜው የሚሠራ ሰው ነውና አስተካክላችሁ ላኩለት። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ መጀመሪያ ሪፖርት፣ ከዚያ ብሎክ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ኮምፒውተር ካላችሁ በኮምፒውተር ሥሩ። ያላችሁ ስልክ ብቻ ከሆነ ማስቶዶንን በአፑ ሳይሆን በብራውዘር ክፈቱ፤ ክሮምም ፋየርፎክስም ይሆናል። አንዳንዱ ሴቲንግ በሁሉም አፕ ላይ አይገኝም። የይለፍ ቃላችሁን አዘጋጁ። ቀጥሎ ገጹ ላይ በትንሹ የተጻፈውን የስሪት ቁጥር ፈልጉ። 4.3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከታች ያለው ሁሉ ይሠራላችኋል። ይህ ስሪት የወጣው በኦክቶበር 2024 ነው፤ ቆይተን የምንከፍተው የማጣሪያ ሴቲንግ የመጣው ከእሱ ጋር ነው። ቁጥሩ ከዚያ በታች ከሆነ አስተዳዳሪያችሁ እንዲያሻሽለው ጠይቁ። እስከ ደረጃ 13 ያለውን ግን አሁኑኑ መሥራት ትችላላችሁ።

መልእክቱ ሲመጣ

1. አትመልሱ። «ማን ልበል?» አትበሉ። ተቆጥታችሁም አትጻፉ። መልስ ከላካችሁ ከአካውንታችሁ ጀርባ ሰው እንዳለ ለላኪው ይረጋገጥለታል፤ ሌላም ይልክላችኋል። ሌላ ጉዳትም አለው። የማስቶዶን ማጣሪያ እናንተ ለጻፋችሁት መልእክት የተሰጠን ምላሽ አያግድም። አንዴ ከመለሳችሁ የእሱ ቀጣይ መልእክት ማጣሪያውን አልፎ በቀጥታ ይገባል።

2. ሊንኩን አትንኩ። መልእክቱን ከፍቶ ማንበብ ችግር የለውም፤ አደጋው ያለው ሊንኩ ላይ ነው። ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁ የማውሱን ቀስት ሳትጫኑ ሊንኩ ላይ ብቻ አሳርፉት። እውነተኛው አድራሻ ከብራውዘሩ ግርጌ ይታያል። ስልክ ላይ ከሆናችሁ ይህን ሙከራ ዝለሉት። ጣት በቀላሉ ይስታል።

3. የላኪውን ሙሉ አድራሻ አንብቡ። ከስሙ ሥር በትንሹ የተጻፈው ነው። ስምና ፎቶ ማንም እንዳሻው ይሞላል። አድራሻው ግን ሁለት የ@ ምልክቶች አሉት፤ ከመጀመሪያው ቀጥሎ የተጠቃሚው መጠሪያ፣ ከሁለተኛው ቀጥሎ ሰርቨሩ ይመጣል። ዓይናችሁን ሁለተኛው ላይ አሳርፉ።

አንድ የተለመደ ዓይነት እንይ። ስሙ «የማስቶዶን ድጋፍ ክፍል» ይላል። ፎቶው የማስቶዶን አርማ ነው። መልእክቱ «አካውንትዎ ደንብ ጥሷል። በ24 ሰዓት ውስጥ ካላረጋገጡ ይዘጋል። ለማረጋገጥ ይህን ይጫኑ» ይላል፤ ከሥሩ አጭር ሊንክ አለ። ከሁለተኛው @ ቀጥሎ ያለው የእናንተ ሰርቨር ካልሆነ ጉዳዩ አለቀ፤ አካውንታችሁ የሌላ ሰርቨር ሰው ሥልጣን አይደለም። የእናንተ ሰርቨር ከሆነ ደግሞ ሰርቨሩን የሚያስተዋውቀውን «አባውት» የተባለ ገጽ ክፈቱ። ትክክለኛው አስተዳዳሪ እዚያ በስምና በአድራሻ ተቀምጧል። አነጻጽሩ። እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ቢሰጣችሁ እንኳ በአካውንት ሴቲንጋችሁ ውስጥ ተመዝግቦ ታገኙታላችሁ። በውስጥ መልእክት የይለፍ ቃል የሚጠይቅ አስተዳዳሪ የለም።

4. ፕሮፋይሉን ክፈቱ። መቼ እንደተከፈተ እዩ። ምን እንደለጠፈ እዩ። ዛሬ የተከፈተ፣ ፖስት የሌለው፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ስለ ገንዘብ የሚያወራ አካውንት ከሆነ ምልክቱ ግልጽ ነው። «ወደ ቴሌግራም እንሂድ»፣ «ዋትስአፕ ቁጥርህን ላክልኝ» የሚልም ከሆነ እንዲሁ፤ አላማው ሪፖርት ከሚደረግበት ቦታ ማራቅ ነው። የውጭ አገር ሥራና ቪዛ አመቻቻለሁ ብሎ የቴሌብር ፒን ወይም የፓስፖርት ፎቶ የሚጠይቅ ከሆነ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ። አንድ ጥንቃቄ ግን አድርጉ። አካውንቱ ሌላ ሰርቨር ላይ ከሆነ የቀድሞ ፖስቶቹ በሙሉ ላይታዩላችሁ ይችላሉ። ገጹ ባዶ ስለሆነ ብቻ አትፍረዱ። አዲስ ሰው ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም፤ እናንተም አንድ ቀን አዲስ ነበራችሁ።

5. ስክሪንሾት አንሱ። ሙሉ አድራሻውና ሰዓቱ እንዲታዩ አድርጉ። የላኪው ሰርቨር አካውንቱን ከሰረዘው መልእክቱ ከእናንተም ገጽ ሊጠፋ ይችላል። ገንዘብ ተወስዶባችሁ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ባንክ የምትሄዱ ከሆነ በእጃችሁ የሚቀረው ይህ ምስል ነው።

ሪፖርት

6. ከመልእክቱ ሥር ያሉትን ሦስት ነጥቦች ንኩ፤ «ሪፖርት» የሚለውን ምረጡ። ከፕሮፋይሉ ላይ ሳይሆን ከመልእክቱ ላይ ጀምሩ። ከፕሮፋይሉ ከጀመራችሁ የውስጥ መልእክቱ ከሪፖርቱ ጋር ሳይያያዝ ሊቀር ይችላል፤ ሞደሬተሩም ባዶ ክስ ይደርሰዋል።

7. ከሚመጡት ምክንያቶች «ስፓም» የሚለውን ምረጡ። መልእክቱ ስድብ ወይም ዛቻ ከሆነ ግን ስፓም አትበሉት፤ የሰርቨሩን ደንብ ጥሷል የሚለውን ውሰዱ። ሞደሬተሩ ወረፋውን የሚያስተካክለው በዚህ ነው።

8. መልእክቱ በዝርዝሩ ውስጥ ምልክት እንደተደረገበት አረጋግጡ። ሌሎች ተመሳሳይ ፖስቶች ከታዩ እነሱንም ምረጡ። ይህን ስታደርጉ የመረጣችሁት መልእክት ለሞደሬተሩ ይከፈታል። ከዚያ ሰው ጋር የተጻጻፋችሁት የግል ነገር ካለ አትምረጡት።

9. አስተያየት መስጫው ላይ ሁለት መስመር ጻፉ። ይህን ያህል ይበቃል፦ «ይህ አካውንት አስተዳዳሪ ነኝ ብሎ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ሊንክ ልኮልኛል። አላውቀውም፤ አልመለስኩለትም።» መልእክቱ አማርኛ ከሆነና ሞደሬተራችሁ አማርኛ የማያነብ ከሆነ የመልእክቱን ሐሳብ እሱ በሚያውቀው ቋንቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱት። የአማርኛ ስፓም በአውሮፓና በአሜሪካ ሰርቨሮች ላይ ብዙ ጊዜ የሚቆየው ክፋቱ ሳይታወቅ ቀርቶ ሳይሆን የሚያነበው ስለሌለ ነው። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ልትጽፉለት የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

10. ላኪው ሌላ ሰርቨር ላይ ከሆነ «ወደዚያም ይላክ» የሚለውን ማብሪያ አብሩ። የሪፖርቱ ቅጂ ለዚያ ሰርቨር ሞደሬተሮች ይደርሳል። ስማችሁ አይላክም፤ ቅጂው የሚሄደው በሰርቨራችሁ ስም ነው። አስተያየታችሁ ግን አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አስተያየቱ ውስጥ ማንነታችሁን የሚያሳይ ነገር አታስገቡ። ያ ሰርቨር ራሱ የአጭበርባሪዎች መጠለያ መስሎ ከታያችሁ ማብሪያውን አጥፍታችሁ ለራሳችሁ ሞደሬተር ብቻ ላኩ።

11. ላኩ። ከላካችሁ በኋላ በሚመጣው ገጽ ላይ «ሚዩት» እና «ብሎክ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ታገኛላችሁ። ስፓም ከሆነ «ብሎክ» ንኩ።

12. ልዩነታቸውን እወቁ። ሚዩት በእናንተ ሰርቨር ላይ ብቻ የሚቀር ነገር ነው፤ ያኛው ወገን አያውቅም። ብሎክ ግን ለላኪው ሰርቨርም ይተላለፋል፤ ይከታተላችሁ ከነበረም ይቋረጣል። ሦስተኛም አለ፤ ሰርቨሩን በሙሉ ብሎክ ማድረግ። ከአንድ ሰርቨር አከታትሎ ስፓም ሲዘንብባችሁ ይጠቅማል። ከመንካታችሁ በፊት ግን እዚያ ሰርቨር ላይ የምታውቁት ሰው እንዳለ ፈትሹ። ሰርቨሩን ስታግዱ እዚያ ያሉ ተከታዮቻችሁ በሙሉ ይወገዳሉ፤ እገዳውን በኋላ ብታነሱም በራሳቸው አይመለሱም። ትልልቅ ሰርቨሮችን በዚህ መንገድ አትዝጉ።

13. ስለ አጭበርባሪው ለሌላ ሰው በውስጥ መልእክት ስትጽፉ በስሙ ፊት @ አታድርጉ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ማስቶዶን ላይ የውስጥ መልእክት ማለት የተጠሩት ሰዎች ብቻ የሚያዩት ፖስት ማለት ነው። ለአስተዳዳሪያችሁ «ይህ ሰው አጭበርባሪ ነው» ብላችሁ የሰውየውን አድራሻ ከነ@ ምልክቱ ከጻፋችሁ መልእክቱ ለሰውየውም ይደርሳል። ምልክቱን አውጥታችሁ ስሙን ብቻ ጻፉ፤ ወይም ስክሪንሾቱን አያይዙ። ከመላካችሁ በፊት ጽሑፉን አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች እዩ። የውስጥ መልእክት በሚስጥር ኮድ የተቆለፈ አለመሆኑንም አትርሱ፤ የሰርቨሩን ዳታቤዝ የሚያስተዳድር ሰው ሊያየው ይችላል። የይለፍ ቃል፣ ፒን፣ የመታወቂያ ቁጥር በዚህ መንገድ ለማንም አትላኩ።

በሩን ማጥበቅ

14. የማሳወቂያዎችን ገጽ ክፈቱ። ከላይ በስተቀኝ ያለውን የሴቲንግ ምልክት ንኩ። አምስት መስመሮች ይመጣሉ፦ የማትከታተሏቸው ሰዎች፣ የማይከታተሏችሁ ሰዎች፣ አዲስ አካውንቶች፣ ያልጠራችኋቸው የውስጥ መልእክቶች፣ በሞደሬተር የተገደቡ አካውንቶች። በየመስመሩ ሦስት ምርጫ አለ፤ መቀበል፣ ማጣራት፣ መጣል።

15. ያልጠራችኋቸው የውስጥ መልእክቶች የሚለውን «ማጣራት» ላይ አድርጉ። ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው እዚያ ላይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሆኖ ካገኛችሁት አትንኩት። ይህ ሴቲንግ የምትከታተሉት ሰው ሲጽፍላችሁ ያሳልፋል፤ እናንተ ለጻፋችሁት የመጣ ምላሽም ያልፋል። የቀረው ለብቻው በተቀመጠ ሣጥን ውስጥ ይጠብቃችኋል።

16. አዲስ አካውንቶች የሚለውንም «ማጣራት» ላይ አድርጉ። ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ የተከፈቱትን ይመለከታል። ብዙ የስፓም አካውንት ይህን ያህል ዕድሜ ሳይሞላው ይዘጋል።

17. ቀሪዎቹን እንደነበሩ ተዉአቸው። የማትከታተሏቸውን ሰዎች ሁሉ ማጣራት ያጓጓል፤ አቋራጭ ይመስላል። ግን ለፖስታችሁ የመጣ ጥሩ መልስ፣ የአገራችሁ ልጅ ያቀረበው ጥያቄ፣ ሥራችሁን ያነበበ ሰው ሰላምታ ሁሉ እዚያው ሣጥን ውስጥ ይገባል። ይህን የምታደርጉት ማዕበል ሲነሳ ለጥቂት ቀናት ብቻ ይሁን።

18. «መጣል» የሚለውን አትምረጡ። የተጣለ መልእክት ተመልሶ አይገኝም። ማስቶዶን ራሱ ምርጫውን ስትነኩ «ይልቅ ማጣራት አይሻልም?» ብሎ ይጠይቃችኋል። አዎ፣ ይሻላል። በውጭ አገር ለምትኖሩ ደግሞ የበለጠ ይመለከታችኋል። ዘመድ ወይም የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ መጀመሪያ የሚጽፍላችሁ ልክ እንደ ስፓም ላኪው ነው፤ ሳታውቁት፣ በአዲስ አካውንት፣ በውስጥ መልእክት። ሣጥኑን ባትጥሉት ታገኙታላችሁ።

19. በሳምንት አንድ ቀን ሣጥኑን ክፈቱ። ከማሳወቂያዎች ገጽ አናት ላይ የተጣሩ ማሳወቂያዎች እንዳሉ የሚገልጽ መስመር ታያላችሁ። ንኩት። ላኪዎቹ በየስማቸው ተዘርዝረዋል። የምታውቁትን «አክሰፕት» በሉት፤ ከዚያ በኋላ የሚልከው ሁሉ በቀጥታ ይገባል። የማታውቁትንና የማትፈልጉትን «ዲስሚስ» በሉት። ስፓም የሆነውን ደግሞ ከፍታችሁ ከደረጃ 6 ጀምሩ። ሣጥኑ ውስጥ ስለገባ ብቻ ሪፖርቱን አትተዉት፤ ሌላ ሰው ጋ ሣጥን ውስጥ ላይገባ ይችላል።

20. የቃል ማጣሪያ ጨምሩ። ፕሪፈረንስ ውስጥ ገብታችሁ «ፊልተርስ» የሚለውን ክፈቱ፤ አዲስ ፊልተር ፍጠሩ። ርዕሱን «ስፓም» በሉት። የሚሠራበት ቦታ ላይ «ማሳወቂያዎች» እና «ውይይቶች» የሚሉትን ምልክት አድርጉ። ቃላቱን አንድ በአንድ አስገቡ።

አማርኛ ላይ ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ «ሙሉ ቃል» የሚለውን ምልክት አጥፉ። በእኛ ቋንቋ ቃል ብቻውን አይሄድም፤ «ለሽልማት» ይላል፣ «የሽልማት» ይላል። ሁለተኛ፣ የመጨረሻውን ፊደል ቁረጡ። «ሽልማት» ብላችሁ ከጻፋችሁ «ሽልማቱን» እና «ሽልማቶች» ያመልጣሉ፤ ምክንያቱም ት ወደ ቱ እና ወደ ቶ ተቀይሯል፤ ለኮምፒውተሩ እነዚህ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ሽልማ» ብላችሁ አስገቡ፤ ሁሉንም ይይዛል። «ቢትኮይን» ለማለት «ቢትኮይ» ይበቃል። ሦስተኛ፣ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላትን በሁለቱም መልክ አስገቡ። «ዕድለኛ» የሚጽፍም «እድለኛ» የሚጽፍም አለ፤ ስለዚህ «ዕድለ» እና «እድለ» ሁለቱም ይግቡ።

እንደ «ሥራ» እና «ገንዘብ» ያሉ የየዕለት ቃላትን አታስገቡ። ማጣሪያው የሚወስደው እርምጃ ላይ ደግሞ «በማስጠንቀቂያ ደብቅ» የሚለውን ያዙ እንጂ ሙሉ በሙሉ አትደብቁ። ማጣሪያው ተሳስቶ የደበቀውን በአንድ ንክኪ ማየት ትችላላችሁ።

21. ወደ ስልካችሁ ተመለሱ። በማስቶዶን አፕ ሴቲንግ ውስጥ የማሳወቂያዎችን ክፍል ክፈቱና ስልካችሁ የሚጮኸው ማን ሲጽፍ እንደሆነ ምረጡ። «የምከታተላቸው ሰዎች» የሚለው ለብዙ ሰው ይበቃል። ይህ ድምፁን ነው የሚያጠፋው፤ መልእክቱን አያግድም።

ሊንኩን ነክታችሁ ከሆነ

አትደናገጡ፤ ግን አትዘግዩ። ነክታችሁ ምንም ካልሞላችሁ ገጹን ዝጉና ደረጃ 24ን ብቻ አድርጉ። የይለፍ ቃል ከሞላችሁ ከ22 ጀምሩ።

22. የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ። በመልእክቱ ሊንክ ሳይሆን የሰርቨራችሁን አድራሻ ራሳችሁ ጽፋችሁ ግቡ። ያንኑ ቃል ኢሜይል ላይም የምትጠቀሙበት ከሆነ መጀመሪያ የኢሜይሉን ቀይሩ፤ ኢሜይላችሁን የያዘ ሰው የማስቶዶኑን መልሶ ይቀይረዋል።

23. የአካውንት ሴቲንግ ውስጥ የተከፈቱ ሴሽኖችን ዝርዝር እዩ። የእናንተ ያልሆነውን ስልክ ወይም ብራውዘር አስወጡ።

24. ፈቃድ የተሰጣቸው አፖችን ዝርዝር ክፈቱ። የማታውቁትን አፕ ፈቃድ ሰርዙ። አንዳንዱ የማጭበርበሪያ ሊንክ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ «ፍቀድ» የሚል ቁልፍ ብቻ ያቀርባል።

25. ሁለተኛ ማረጋገጫ አብሩ። ስልካችሁ ላይ የኮድ አፕ ጫኑ፤ ኤጊስ ወይም ጉግል ኦተንቲኬተር ይሆናል። የሚታየውን ኪውአር ኮድ በአፑ ስካን አድርጉ። ቀጥሎ የሚሰጧችሁን የመጠባበቂያ ኮዶች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ስልክ ቢጠፋ የምትገቡት በእነሱ ነው።

26. ከአካውንታችሁ የተላከ ነገር እንዳለ ፈትሹ። ካለ ሰርዙትና ለደረሳቸው ሰዎች ንገሩ። ለአስተዳዳሪያችሁም አሳውቁ፤ አካውንታችሁ በሌሎች ሰርቨሮች ከመታገዱ በፊት ይደርስላችኋል። የባንክ ወይም የቴሌብር መረጃ ከሰጣችሁ ይህን ሁሉ ከማድረጋችሁ በፊት ባንካችሁ ወይም ኢትዮ ቴሌኮም ጋ ደውሉ።

ብሉስካይ ላይ ከሆናችሁ

ማስቶዶንን ሳይሆን ብሉስካይ የተባለውን ማኅበራዊ መድረክ የምትጠቀሙ ከሆነ ሥራው አጭር ነው። የውስጥ መልእክት ገጹን ክፈቱ፤ የሴቲንግ ምልክቱን ንኩ፤ አዲስ መልእክት መላክ የሚችለው ማን እንደሆነ ምረጡ፦ ማንኛውም ሰው፣ የምትከታተሉት ሰው፣ ወይም ማንም። «የምትከታተሉት ሰው» የሚለውን ያዙ። ቀድሞ የተጀመሩ ንግግሮች በዚህ አይቋረጡም። ስፓም ሲመጣ ከንግግሩ ሜኑ ሪፖርት አድርጉ፣ ብሎክ አድርጉ፣ ከንግግሩ ውጡ። በሜይ 2024 የተጀመረው የብሉስካይ የውስጥ መልእክት በኩባንያው በራሱ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ስለዚህ ሪፖርታችሁ የሚሄደው ወደ ሰርቨር አስተዳዳሪ ሳይሆን ወደ ኩባንያው ነው።

የማስቶዶን ሰርቨር ለምታስተዳድሩ

የማኅበራችሁን፣ የቤተሰባችሁን ወይም የጓደኞቻችሁን ትንሽ ሰርቨር የያዛችሁ ከሆነ ሌላው ሰው ላይ የሚደርስ ስፓም ከእናንተ ሰርቨር እንዳይነሳ ማድረግ ይቀራችኋል።

27. ምዝገባውን በፈቃድ አድርጉ። በአስተዳደር ገጹ ላይ የሰርቨር ሴቲንግን፣ ከዚያ የምዝገባ ክፍሉን ክፈቱ። «ማጽደቅ ያስፈልጋል» የሚለውን ምረጡ። ለመመዝገብ ምክንያት እንዲጽፉም ጠይቁ። ከፌብሩዋሪ 2024 ማዕበል በኋላ የወጣው ስሪት 4.2.8 ሞደሬተር ለአንድ ሳምንት ካልገባ ክፍት ምዝገባን ራሱ ወደ ማጽደቅ ይቀይራል። ይህን አትጠብቁ፤ ዛሬ ቀይሩት።

28. ሶፍትዌሩን አሻሽሉ። ከማሻሻላችሁ በፊት ዳታቤዙን ባክአፕ አድርጉ።

29. የሪፖርቶችን ገጽ በየቀኑ አንድ ጊዜ እዩ። በየቀኑ ካልቻላችሁ የምታምኑትን ሰው ሞደሬተር አድርጉና ቀን ተከፋፈሉ።

30. ከሌላ ሰርቨር ስፓም ሲበዛ መጀመሪያ «ገድቡ»፤ «ማገድ» ሁለተኛ ይሁን። የተገደበ ሰርቨር አካውንቶች ለማይከታተሏቸው ሰዎች በቀጥታ የሚገባ ማሳወቂያ አይፈጥሩም፤ የሚከታተሏቸው ግን ግንኙነታቸውን ይቀጥላሉ። ብዙ ማዕበል በዚህ ብቻ ይበርዳል። ማገድ ግን በሁለቱ ሰርቨሮች መካከል ያለውን መከታተል ሁሉ ይቆርጣል፤ እገዳው ቢነሳም አይመለስም። ወደዚያ የምትሄዱት ሰርቨሩ ተቆጣጣሪ እንደሌለው ወይም ሆን ብሎ አጭበርባሪ እንደሚያስተናግድ ካረጋገጣችሁ በኋላ ይሁን።

31. ከማገዳችሁ በፊት ለዚያ ሰርቨር አስተዳዳሪ ጻፉለት። አድራሻው «አባውት» ገጹ ላይ አለ። የስፓም አካውንቶቹን ዝርዝር ላኩለት፤ ያለ @ ምልክት። አንድ ቀን ስጡት። ገድባችሁ የነበረው ሰርቨር ከጸዳ ገደቡን አንሱ፤ ያነሳችሁበትንም ቀን መዝግቡ።